ኋላ የተኛው ሰው ያውቃል

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ከምሳ በኋላ ጋደም ማለት ለምጃለሁ። ቆቦ በዚያ ሰዓት ድምፅ የላትም፤ ሙቀቱ ባጃጆቹን ሳይቀር ጥላ ፍለጋ ያስገባቸዋል። ዓይኔን ጨፈን ሳደርግ አልጋው ቀስ ብሎ ይወዛወዝና መኪና ውስጥ እገኛለሁ። ሾፌሩን አላየውም። ኋላ በጀርባዬ ተኝቼ መንገዱን እለየዋለሁ፤ ይቺ ጎብዬ መግቢያ ላይ ያለችው ጉርብጥ ናት፣ ይሄ የጎሊና ወንዝ አሸዋ ነው፣ ይሄ ደግሞ ከዋጃ ወደ ቆላው ሲታጠፉ ያለው የከብት መሻገሪያ ነው እያልኩ። ስነቃ ባለቤቴ "ዛሬስ የት ደረስህ?" ትለኛለች። የደረስኩበትን እነግራታለሁ። ሠላሳ አራት ዓመት መኪና ሥር ተኝተህ አልበቃህም ወይ እያለች ትስቅብኛለች።

ሰው "ሐሰን መካኒኩ" ይለኛል። እኔ ግን በልቤ ራሴን የባሌስትራ ሰው አድርጌ ነው የምቆጥረው። ባሌስትራ ከመኪናው ሆድ በታች ተደራርቦ የሚታሰረው ቅስት ብረት ነው፤ መንገዱ የሚሰነዝረውን ዱላ ተቀብሎ ለተሳፋሪው አለዝቦ የሚያቀብል እሱ ነው። ሞተር ሲነሳ ሁሉም ይሰማዋል፣ ፍሬን ሲይዝ ሁሉም ያመሰግናል። ባሌስትራ በደንብ ሲሠራ ግን ማንም ልብ አይለውም፤ ሰውየው እንቅልፍ ይወስደዋል፣ በቃ። የዚህ ሙያ ምስጋናው ይኸው ነው።

ከሥራ ዘመኔ ሁለት ዓመት ወልዲያ፣ ሦስት ዓመት ከመንገድ ሠሪዎች ጋር ድንኳን ውስጥ አሳልፌያለሁ። የቀረው ሁሉ ቆቦ ነው፤ የመሥሪያ ቤቶች መኪና የሚጠገንበት ጋራዥ ውስጥ። ዘጠኝ ኃላፊ አሳልፌያለሁ። ግማሾቹ ከሩቅ አገር ተመድበው መጥተው፣ ሙቀቱን ሲረግሙ ከርመው፣ ሲሄዱ የሚያለቅሱ ነበሩ። አንዱ ዕቃ መጠየቂያ ቅጽ በሦስት ቅጂ ካልተሞላ ብሎን አያወጣም ነበር፤ እግዜር ይስጠው፣ ጽሕፈቴን አሳምሮልኛል። ስለ ደመወዙ ባላወራ ይሻላል፤ እሱን ያየ ልጁን መካኒክ አያደርግም።

ሙያውን ያስተማሩኝ አቦይ ግደይ ናቸው። ቤተሰባቸው ከደቡብ ትግራይ መጥቶ ቆቦ የሰፈረ ነጋዴ ነው፤ እሳቸው ግን ሚዛኑን ትተው መዶሻ ያዙ። ጋራዡ አጠገብ የራሳቸው የባሌስትራ ቤት ነበራቸው፤ መሥሪያ ቤቱም ሲቸግረው ይጠራቸዋል። አጭር ሰው ናቸው፤ ቁመታቸው ሙሉ ክንዳቸው ላይ የገባ ይመስለኛል። ሌላው ባሌስትራ ሠሪ ብረቱን እሳት ውስጥ ከትቶ አግሎ ያጎብጠዋል። እሳቸው አያግሉም። ብረቱን ሁለት ጉማጅ እንጨት ላይ አጋድመው፣ ጣት በጣት እየተራመዱ በመዶሻ ቀስ እያደረጉ ይቀጠቅጡታል። ለአንድ ብረት ግማሽ ቀን። "ካጋልኸው የለመደውን ሁሉ ይረሳል" ይሉኛል፤ "እኛ የምንፈልገው ትንሽ እንዲያጎነብስ ነው እንጂ እንዲረሳ አይደለም።"

ሌላው ልማዳቸው አገር ያወቀው ነበር። የተሠራ መኪና ሲፈትሹ መሪ አይዙም፣ ጋቢናም አይገቡም። ኋላ፣ ከሁሉ የከፋችው ቦታ ላይ ተቀምጠው ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። ሾፌሩ ይነዳል። መኪናው ክፉ ነገር ባደረገ ቁጥር ጣታቸው ላይ ባለው የነሐስ ቀለበት ግድግዳውን አንዴ ኳ ያደርጋሉ። እኛ ጋቢና ሆነን ኳኳታውን እንቆጥራለን። ተመልሰን ስንገባ ዓይናቸውን ይገልጡና፣ ይሄ የግራው የፊት ሾክ ነው፣ ይሄ የላስቲክ ጎሚኒው ነው፣ ይሄ ሁለቱ ብረት መሀል ቅባት አልቆ ነው እያሉ በተርታ ይነግሩናል። አንድም ቀን "ጥሩ ሠርተሃል" ብለውኝ አያውቁም። ኳኳታው ሲያንስ ያ ምስጋናዬ ነበር። እኔም ለዚያ ስል አፌን ዘግቼ እሠራ ነበር።

የኔ ጥፋት የመጣው እሳቸው በሌሉበት ክረምት ነው። አላማጣ ለቅሶ ደርሷቸው ሄደው ነበር። አንዲት ነጭ አሮጌ የመስክ መኪና ነበረችን፤ ከቆላው ቀበሌዎች በሽተኛ የምታመጣው እሷ ናት። ከዞብል ተራራ በታች ያለው መንገድ እንግዲህ መንገድ ከተባለ ነው፤ በጋ አሸዋ፣ ክረምት ጎርፍ የሚያወርደው ድንጋይ። መኪናዋ ሆዷ አሸዋው ላይ እየተቀመጠ ሁለት ጊዜ በበሬ ተጎትታ ወጣች። ኃላፊያችን ተቆጡ። በሦስት ቀን ውስጥ ከፍ አድርጋት፣ ሰው እየሞተብን ነው አሉኝ። እውነታቸውን ነው።

እኔም ከፍ አደረግኋት። ከተሰበረ የጭነት መኪና ወፍራም የባሌስትራ ብረት ፈታሁና በአራቱም እግሯ ከነበራት ላይ ደረብኩላት። መኪናዋ ስንዝር ተመዘዘች። ሾኮቿን፣ የባሌስትራውን ንጥረት የሚይዙትን፣ አልነካሁም፤ ደህና ነበሩ፣ ለአዲሱ ቁመት ግን አጭር መሆናቸውን አላሰብኩም። ከዚያ እንደ አገራችን ወግ ፈተሽኳት። እኛ ዘንድ መኪና የሚፈተሸው በጭነት ነው፤ ባዶ መኪና ሲሄድ ያየ ራያ የለም። ስምንት ኩንታል ማሽላ ጫንን፣ ሾፌሩ ካሳው መሪ ያዘ፣ እኔ ጋቢና ጎኑ ተቀመጥኩ። እስከ ጎብዬ ደርሰን ስንመለስ መኪናዋ እንደ ጀልባ ነበር የምትሄደው። ለካ በልጓም የያዛት የማሽላው ክብደት ነው። ኃላፊው ጨበጡኝ፤ እኔም የዚያን ቀን ወደ ቤቴ ስሄድ ደረቴን ነፋ አድርጌ እንደነበር አልዋሽም።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ የሆነውን ከከተማው ሁሉ በመጨረሻ የሰማሁት እኔ ነኝ። መዲና የምትባል ሴት፣ የመጀመሪያ ልጇን አርግዛ ምጥ ጠንቶባት፣ ከተራራው ሥር በዚያች መኪና ተጫነች። ኋላ ከሷ ጋር የነበሩት እናቷና ነርሷ ሲስተር የሻረግ ብቻ ናቸው። ስምንት ኩንታል ለመሸከም የተደራረበ ብረት ሦስት ሴት አይሰማውም። መኪናዋ ድንጋይ በነካች ቁጥር ወደ ላይ ታነጥራቸዋለች፤ አጭሮቹ ሾኮች ደግሞ ተለጥጠው ጫፍ ሲደርሱ መልሰው ወደ ታች ይነጥቋቸዋል። መዲና ሁለት ጊዜ አቁሙ አለች፤ ካሳው ቀስ አለ እንጂ አላቆመም፣ እንዴት ያቁም? በሦስተኛው ግን በሩን ያዘች። "በአላህ ይሁንባችሁ አውርዱኝ፤ በእግሬ ልሂድ" አለች።

አወረዷት። ማሳ ላይ የነበሩ ሰዎች እንጨት ቆርጠው ቃሬዛ ሠሩ፣ ነጠላና ጋቢ አለበሱት፣ እየተፈራረቁ እስከ አስፋልቱ ድረስ በትከሻ አመጧት። መዲና ተረፈች። ልጁ አልተረፈም። ሲስተር የሻረግን ሄጄ ጠየቅኋት፤ ቀድሞም ተዳክሞ ሊሆን ይችላል፣ ከመኪናው ነው አይደለም ማለት አልችልም አለችኝ። ልትጎዳኝ እንዳልፈለገች ገባኝ። ልሄድ ስነሳ ግን አንድ ነገር ነገረችኝ፦ "ቃሬዛው ላይ ከወጣች በኋላ አልጮኸችም።"

ያቺ ቃል እስካሁን አብራኝ ትኖራለች። አራት ገበሬ በትከሻው፣ በአሸዋ ላይ እየተራመደ፣ እኔ በብረትና በቁልፍ ካደረግኩት የበለጠ አደረገላት። አፍሬ ሥራ ልተው ነበር።

አቦይ ግደይ ከለቅሶ ሲመለሱ ነገሩን ሰምተውታል። አልተቆጡም፤ ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ካሳውን ቁልፍ ተቀበሉት። ሲነዱ አይቻቸው አላውቅም ነበር። የኋላውን በር ከፍተው እኔን "ተኛ" አሉኝ። ወለሉ ላይ በጀርባዬ ተኛሁ። ቀለበታቸውን አውልቀው ሰጡኝ። የሆርማትን ወንዝ አልፈን ወደ ተራራው ስንቀርብ መጀመሪያ ኳ አደረግኩ፣ ደግሞ ኳ፣ ከዚያ እጄ ግድግዳውን መምታት ትቶ የሚጨብጠው ፍለጋ ገባ። ጥርሴ ምላሴን ነከሰው። ጣሪያው ላይ በቀዳዳ የሚገባ ጭላንጭል ነበረ፤ እሱን ብቻ እያየሁ መንገዱ እንዲያልቅ ለመንኩ። መዲና ከወረደችበት ቦታ ላይ አቆሙ። ሜዳው በሙቀት እየተንቀጠቀጠ፣ ማሽላው ከሩቅ ውኃ ላይ የቆመ ይመስል ነበር። አቦይ መጥተው በሩን ከፈቱልኝ።

"ወደይ" አሉኝ በትግርኛ፣ ልጄ ማለታቸው ነው፤ "ማሽላ አይናገርም።"

ከማግስቱ ጀምሮ ሥራ ገባን። የጭነት መኪናውን ብረት በሙሉ አወጣን። "ከፍታን ከብረት ብዛት አትፈልገው፣ ከቅስቱ ፈልገው" አሉና የመኪናዋን የራሷን ረጃጅምና ቀጫጭን ብረቶች አጋድመው ቅስታቸውን መለሱላቸው። ከሁሉ የረዘመውን "እናት" ይሉታል፤ እሱን ለሰው አይሰጡም፣ ራሳቸው ናቸው የሚቀጠቅጡት። የያንዳንዱን ብረት ጫፍ በሞረድ አክብበን ሌላውን እንዳይነክስ አደረግን፤ መሀላቸው ቅባት ቀባን። ባሌስትራውን ከሻንሲው፣ ከመኪናዋ አጽም፣ የሚያንጠለጥለውን ብረት ትንሽ አስረዘምነው፤ ሲለጠጥ መሄጃ እንዲያገኝ። ረዘም ያለ ሾክ እስኪመጣ ሦስት ሳምንት ጠበቅን፤ ያው ቅጹ በሦስት ቅጂ ነው። መኪናዋ እንደ በፊቱ ስንዝር አልሆነችም፤ አራት ጣት ያህል ብቻ ከፍ አለች። አሸዋውን ግን ለማለፍ በቃች። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ፤ እኔ ያፈሰስኩትን ግን ማን ይለቅመዋል?

ከዚያ ቀን ወዲህ ሳልተኛበት ያስረከብኩት መኪና የለም። አዳዲስ መካኒኮች ይስቁብኝ ነበር፤ ጋሽ ሐሰን ደግሞ ሊያሸልቡ ነው ይላሉ። ይሳቁ። መዲና ዘንድም ዘግይቼ ሄጃለሁ። አማቷ የአላህ ሥራ ነው ብለው አስቀመጡኝ፤ እሷ ምንም አላለችኝም። አሁን ቆቦ ገበያ ሽንኩርት ትሸጣለች፣ ሦስት ልጆች አሏት፣ ስታየኝ ሰላም ትለኛለች። በመኪና ስትመጣ ጋቢና ካላገኘች እንደማትሳፈር ካሳው ነግሮኛል።

ዓመታት አለፉ። አቦይ አረጁና የባሌስትራውን ቤት ዘግተው ከዋጃ ወደ ቆላው ገባ ብሎ ካለው የልጃቸው የለተብርሃን ቤት ገቡ። ከዚያ መንገዱ የተዘጋበት ጊዜ መጣ። ቆቦና ዋጃ እንደዚያ ይራራቃሉ ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር። በሕይወት ይኑሩ አይኑሩ ሳላውቅ ብዙ ቀን ባዶውን የባሌስትራ ቤት እያየሁ አልፌያለሁ። መንገዱ ሲከፈት ሄጄ አገኘኋቸው። መጀመሪያ የጠየቁኝ ነጯ መኪና ትኑር አትኑር ነበር።

ነበረች። እኔ ጡረታ በወጣሁበት ዓመት እሷም በጨረታ ወጣች፤ የገዛት ካሳው ነው። ሁለት ጡረተኛ አንዲት ጡረተኛ መኪና ይዘን ቀረን። ካሳው ከቆላው ሽንኩርትና ጤፍ ይጭንባታል፤ ለዚያ ሲል ወፍራም ብረት ደርቦባት እንደገና አደንድኗታል። ጭነት ነው ብዬ ዝም አልኩት።

ባለፈው በጋ ለተብርሃን ደወለችልኝ። አቦይ ደጅ ላይ ወድቀው ዳሌያቸው ተሰብሯል። ሚኒባስ አምጥተው ሞክረው ነበር፤ ከግቢው ሳይወጣ ጮኸው ራሳቸውን አስወረዱ። አራት ሌሊት አልተኙም። ሆስፒታል ካልደረሱ የመኝታ ቁስል ይሆናል ብለዋል ከጤና ጣቢያ መጥተው ያዩዋቸው፤ እሳቸው ግን እምቢ ብለዋል። "ጋሼ ሐሰን፣ መሬቴ ላይ ልሙት እንጂ መኪና ላይ አታውጡኝ ይላሉ" አለችኝ።

ካሳው ቤት ሄድኩ። ነገሩን ሳልጨርስ የመኪናውን ቁልፍ ሰጠኝ። የሽንኩርቱ ወቅት ነበር፣ ገበያውን ተወው። ቀኑን ሙሉ ዋልንባት። ወገቤ እንደ ድሮው አይደለም፤ ሥሯ ገብቼ ለመውጣት ካሳው እግሬን ይጎትተኛል። ወፍራሙን ብረት አወጣሁ። እናቷን ብረት አየኋት፤ የአቦይ መዶሻ ምት በተርታ እንደ ዳንቴል አሁንም ላይዋ ላይ አለ። ቅስቷ ግን ደክሟል። እሷን ሌላ ሰው ነክቷት አያውቅም። ሁለት ጉማጅ እንጨት ላይ አጋደምኳትና ጣት በጣት ቀጠቀጥኳት።

ማታውን ተኛሁባትና ካሳው ነዳ። አሥራ አንድ ኳኳታ። በማግስቱ ጎሚኒዎቹን ለወጥን፣ አራት ሆነ። በሦስተኛው ቀን አንድ ብቻ ቀረ፤ ከቀኝ በኩል ከኋላ የምትመጣ፣ ክፉ ያልሆነች፣ የምትቆነጥጥ ነገር። ሾኩን ፈትቼ አየሁ፣ ማንጠልጠያውን አየሁ፣ ጎሚኒውን እንደገና ቀየርኩ። አልሄደችም። ካሳው እንግዲህ ሰውየው ይሞቱብናል እንሂድ አለኝ።

ፍራሽ አነጥፈን በጠዋቱ ለተብርሃን ቤት ደረስን። አቦይ አንሰዋል፤ በጋቢ ይዘን ስናስገባቸው ሕፃን የያዝን ነው የመሰለኝ። "አቦይ፣ እኔው ነኝ የሠራኋት" አልኳቸው። አዩኝ። "ተኝተህባታል?" አሉኝ። ሦስት ቀን አልኳቸው። "ሕራይ፣ እሺ" አሉና ዓይናቸውን ጨፈኑ፤ ቀለበት ያለበትን እጃቸውን ግድግዳው ላይ አደረጉ። ለተብርሃን ጎናቸው ተቀመጠች። እኔ ጋቢና ገባሁ፤ ወደ ኋላ መዞር ፈርቼ ፊት ለፊቴን እያየሁ።

የከብት መሻገሪያው መጣ። መኪናዋ ጎንበስ ብላ ተነሳች። ዝም። አሸዋው ላይ ገባን፤ ጠዋት ነው፣ ማሽላው ጤዛ አለበት፣ ሜዳው ገና ከእንቅልፉ አልነቃም። ዝም። ድንጋያማውን ካሳው በእግር ከመሄድ በባሰ ዝግታ አለፈው። ከኋላ ምንም አልተሰማም። አስፋልቱ ላይ ልንወጣ ስንል ይሄ ዝምታ ያስፈራኝ ጀመር። እኚህ ሰው ዕድሜ ልካቸውን እንዲህ ዝም ብለው አያውቁም። የዚያች የቀረችው አንድ እንኳ እንዴት አልተሰማቸውም? ካሳውን ክንዱን ያዝኩት። አቁም አልኩት።

ወርጄ በሩን ከፈትኩ። ለተብርሃን ጣቷን አፏ ላይ አድርጋ አየችኝ። እጃቸው ከግድግዳው ወርዶ ደረታቸው ላይ ነው። አፋቸው በትንሹ ተከፍቷል። ትንፋሻቸውን ለመስማት ጆሮዬን አስጠጋሁ፤ ያንኮራፋሉ። ከመኪናው መቆም ይሁን ከእኔ ጥላ አላውቅም፣ ዓይናቸውን ገለጡና ተኮሳተሩብኝ።

"ለምን አቆማችሁት?" አሉ።

መልሰው ዓይናቸውን ጨፈኑ። "ካቆማችሁት አይቀር፣ የቀኙን የኋላ ጎማ ትንሽ አስተንፍሰው፤ ነፋስ በዝቶበታል።"

ጎማው ሥር ተንበረከክሁ። ካሳው ለሽንኩርቱ ብሎ አጠንክሮ ነፍቶት ኖሯል፤ ሦስት ቀን ሙሉ ብረቱን ስፈታ ስገጥም ጎማውን አልነካሁትም። ክዳኑን ፈትቼ በክብሪት እንጨት ጫፍ ተጫንኩት፤ ነፋሱ ሽሽሽ እያለ ወጣ። አለቀስኩ። ስለ እሳቸው ነው፣ ስለ መዲናም ነው፣ የቱ ለማን እንደሆነ መለየት አልቻልኩም። ከውስጥ ቀለበቱ አንዴ ኳ አለ፤ በቃ ማለታቸው ነው። ክዳኑን ዘጋሁ።

ካሳው ሞተሩን አስነሳ። ቆቦ እስክንደርስ አልነቁም።